የአርኤስኤስ ፊድ ለድረ ገጽ ማስተዋወቂያነት፦ የአድራሻ ባለቤትነት ጥያቄ

አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር አንባቢው በራሱ ጊዜ መጥቶ ያየዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎብኝቶ አዲስ ነገር ያላገኘ ሰው በአራተኛው መምጣቱን ይተዋል፤ ከወር በኋላ የሚወጣውን ጽሑፍም ሳያውቀው ይቀራል። ይህን ችግር ለማቃለል ከተፈጠሩት ዘዴዎች ከሃያ ዓመት በላይ የቆየውና እስከ ዛሬ የሚሠራው የይዘት ማሰራጫ ፊድ ነው። ፊድ ይዘቱን ከድረ ገጹ አውጥቶ አንባቢው ወዳለበት ይወስዳል። በዚህም ምክንያት ከሌሎች የማስተዋወቂያ መንገዶች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ማስታወቂያ ሰውን ወደ ገጹ ሲጠራ ፊድ ግን ሰውየው ገጹን ሳይጎበኝ ይዘቱን እንዲያገኝ ያደርጋል። ታዲያ ይህ እንዴት ማስተዋወቅ ይባላል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ጥቅሙ የሚገኘው ከጉብኝት ብዛት ሳይሆን በአሳታሚውና በአንባቢው መካከል ከሚዘረጋው ዘላቂ ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱም የሚጸናው የፊዱ አድራሻ በአሳታሚው እጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ

ፊድ በመሠረቱ በኤክስኤምኤል ደንብ የተጻፈ አንድ ፋይል ነው። በራስጌው የድረ ገጹ ስም፣ አድራሻና አጭር መግለጫ ይሰፍራል፤ ከሥሩ በቅርቡ የወጡት ጽሑፎች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ርእስ፣ ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ ማያያዣ፣ ማጠቃለያ ወይም ሙሉ ይዘት፣ የወጣበት ቀንና ከሌላው የሚለይበት ቋሚ መለያ ይኖረዋል። አንባቢው የፋይሉን አድራሻ በማንበቢያ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ጊዜ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በየተወሰነ ሰዓት ፋይሉን እየጠየቀ፣ ቀድሞ ያላየው መለያ ሲያገኝ አዲሱን ጽሑፍ ያቀርባል። በጥያቄዎቹ መካከል ለውጥ ከሌለ የድረ ገጹ ሰርቨር ፋይሉን እንደገና ሳይልክ «አልተለወጠም» የሚል አጭር ምላሽ ሰጥቶ ማለፍ ይችላል። የኢንተርኔት ፍጥነት ዝቅተኛ በሆነበትና ዳታ በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንባቢው ስሙንም ሆነ የኢሜይል አድራሻውን ለማንም አይሰጥም። መመዝገብም መሰረዝም በእርሱ እጅ ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ለምን እንደተወ የሚጠይቀውም የለም። አሳታሚው በበኩሉ ማን እንደሚያነብበው አያውቅም፤ ሊያውቅ ቢፈልግም ፊዱ አይነግረውም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገመድ ያ የተመዘገበ አድራሻ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ውል

ፊድ ከመነሻው የማስተዋወቂያ መሣሪያ ነበር። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በመጋቢት 1999 የመጀመሪያውን አርኤስኤስ ሲያወጣ ዓላማው «ማይ ኔትስኬፕ» የተሰኘውን የመግቢያ ገጽ በሌሎች ድረ ገጾች ርእሶች መሙላት ነበር። የድረ ገጽ ባለቤት ፋይሉን አዘጋጅቶ ያስመዘግባል፤ ተጠቃሚው ከተመዘገቡት መካከል የሚወደውን መርጦ በገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ ርእሱን ሲጫን ወደ ድረ ገጹ ይሄዳል። ኔትስኬፕ ይዘት በነጻ ያገኛል፣ ድረ ገጹም ጎብኚ ያገኛል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው 0.91 የተባለው ደንብ በአንድ ፊድ ከ15 በላይ ጽሑፎች እንዳይገቡ ይወስን ነበር፤ ከዚህም ፊዱ የታሰበው ለርእስ ማሳያነት እንጂ ለንባብ እንዳልነበረ መረዳት ይቻላል።

ኔትስኬፕ በ2001 ነገሩን ሲተወው ደንቡ አልሞተም። የኔትስኬፕን ድጋፍ የማይፈልግ ተራ ፋይል ስለነበር ሌሎች አነሡት። ዴቭ ዋይነር በመስከረም 2002 አርኤስኤስ 2.0ን አወጣ፤ በተከታዩ ዓመትም ደንቡ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የበርክማን ማዕከል ተዛወረ። የአርኤስኤስ አሻሚ ስፍራዎች ያላረኳቸው ደግሞ አቶም የተባለውን ደንብ አዘጋጅተው በታኅሣሥ 2005 አርኤፍሲ 4287 ተብሎ ጸደቀ። በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል የነበረው ክርክር በጊዜው ብዙ ቀለም ፈጅቷል። ዛሬ ማንበቢያዎቹ ሁለቱንም ስለሚያነቡ ለድረ ገጽ ባለቤት ምርጫው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ለውጥ ያመጣው ሙሉ ጽሑፍ ወይስ ማጠቃለያ የሚለው ጥያቄ ነው። ማጠቃለያ ብቻ የሚልክ አሳታሚ የኔትስኬፕን ውል ይጠብቃል፤ አንባቢው የቀረውን ለማንበብ ወደ ገጹ መምጣት አለበት። ገቢው በገጹ ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ ለሆነ ጋዜጣ ይህ ተገቢ ስሌት ነው። ሙሉውን የሚልክ አሳታሚ ጉብኝትን ለንባብ ይሠዋል። ሙሉ ይዘት ለቅጂ ያጋልጣል የሚለው ስጋትም እውነት ነው፤ ፊድን እየለቀመ የራሱ አስመስሎ የሚያትም ፕሮግራም መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ፊድ ማውጣት ግን እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ያለ ምንም ምዝገባ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በሌላ በኩል ምርምሩ እንዲነበብና እንዲጠቀስ እንጂ ገጹ እንዲጎበኝ ግብ ያላደረገ የዩኒቨርሲቲ ተቋም ማጠቃለያ ብቻ የሚልክበት ምክንያት እምብዛም የለም። ብዙ ተቋማት ግን ይህን አስበው አይወስኑም፤ ድረ ገጹን የገነባላቸው ሰው በመጀመሪያው ቀን የመረጠውን እንደያዙ ይቀጥላሉ። ወርድፕሬስን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የተሠራ ድረ ገጽ ባለቤቱ ባያውቀውም ፊድ ስላለው፣ ፊድ መኖሩን እንኳ ያልሰሙ አዘጋጆች ጥቂት አይሆኑም።

ሁለት ደላሎች

የፊድ አንባቢዎች መብዛት ሁለት ዓይነት አማላጅ አገልግሎቶችን ፈጠረ። አንዱ በአንባቢው ወገን የቆመ ነው፤ ጉግል በጥቅምት 2005 የጀመረው ጉግል ሪደር በዚህ ረገድ ከሁሉ የገነነው ነበር። ሌላው በአሳታሚው ወገን የቆመ ሲሆን የዚህ ምሳሌ በ2004 የተቋቋመውና በ2007 ጉግል የገዛው ፊድበርነር ነው። የሁለቱ ዕጣ የፊድን ምንነት ከማናቸውም ደንብ በተሻለ ያሳያል።

ፊድበርነር ለአሳታሚዎች የሰጠው እጅግ የሚናፍቁትን ነገር፣ ቁጥርን ነው። አሳታሚው ፊዱን ለፊድበርነር ይሰጣል፤ ፊድበርነር በራሱ አድራሻ መልሶ ያሰራጨዋል፤ ፋይሉን የሚጠይቁ ሁሉ በእርሱ በኩል ስለሚያልፉ ይቆጥራቸዋል። የተመዝጋቢዎች ቁጥር በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በድረ ገጹ ጎን መለጠፉ በዚያ ዘመን እንደ ክብር ይታይ ነበር። ቁጥሩ ግን በብዙ ግምት ላይ የቆመ ነበር። እንደ ጉግል ሪደር ያሉ ማንበቢያዎች ፋይሉን ለሺህ ተመዝጋቢዎች አንድ ጊዜ ብቻ እየወሰዱ ምን ያህል ተመዝጋቢ እንዳላቸው በጥያቄያቸው ውስጥ ራሳቸው ይገልጹ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ያላሳረፈ ተመዝጋቢም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። በተቃራኒው ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የሚወጡ ብዙ አንባቢዎች እንደ አንድ ሰው ሊታዩ ይችላሉ።

ለዚህ ግምታዊ ቁጥር የተከፈለው ዋጋ አድራሻው ነው። አንባቢዎች የመዘገቡት የአሳታሚውን ሳይሆን የፊድበርነርን አድራሻ ነበር። በራስ አድራሻ ማሰራጨት የሚያስችል አማራጭ ቢኖርም ሁሉም አልተጠቀመበትም። ጉግል በ2021 የፊድበርነርን የኢሜይል ምዝገባ አገልግሎት ሲያቋርጥ፣ በተመዝጋቢዎቻቸውና በራሳቸው መካከል ሌላ ባለቤት ቆሞ እንደኖረ ብዙዎች በግልጽ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ጉግል ሪደር በመጋቢት 2013 እንደሚዘጋ ተነግሮ ሐምሌ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት የተጠቃሚዎች መቀነስ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የፊድ ሞት አድርገው ቆጠሩት። በእርግጥም ወደ ሌላ ማንበቢያ ያልተዛወሩ አንባቢዎች በዚያው ቀርተዋል፤ ማን እንደሆኑ ስለማያውቅም አሳታሚው ተከትሎ ሊጠራቸው አይችልም ነበር። ሆኖም ተጠቃሚው ከመዘጋቱ በፊት የተመዘገበባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር በአንድ ፋይል አውርዶ ወደ ሌላ ማንበቢያ መውሰድ ይችል ነበር። ይህን ያደረገ ሰው፣ አድራሻዎቹ የአሳታሚዎቹ የራሳቸው እስከሆኑ ድረስ፣ በማግስቱ አንድም ፊድ አላጣም። እንግዲህ በአንባቢው ወገን ያለው ደላላ ሲወድቅ ገመዱ ሊቀጠል ይችላል፤ በአሳታሚው ወገን ያለው ሲወድቅ ግን ገመዱ ራሱ የደላላው ነውና አብሮት ይሄዳል።

የጉግል ሪደር መዘጋት በኢራን የተለየ ትርጉም ነበረው። ማንበቢያው ፊዶችን በራሱ ሰርቨሮች ሰብስቦ ለአንባቢ ስለሚያቀርብ፣ በአገር ውስጥ የታገደ ድረ ገጽ በዚያ በኩል ይነበብ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ብዙ ድረ ገጾች ታግደው በኖሩባት ኢትዮጵያም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም፤ መንግሥት በሰኔ 2018 ብቻ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች እንደተከፈቱ አስታውቋል። ለታገደ ድረ ገጽ ሙሉ ይዘት ያለው ፊድና ማጠቃለያ ብቻ ያለው ፊድ ልዩነታቸው የጉብኝት ቁጥር ጉዳይ አይደለም፤ ማጠቃለያው የሚመራው ወደ ተዘጋ በር ነው።

ፊድ ሞተ የሚለውን ፍርድ የሚያፈርሰው ዋና ማስረጃ ደግሞ ፖድካስት ነው። አፕል በሰኔ 2005 ፖድካስትን በአይቱንስ 4.9 ውስጥ ሲያካትት የሠራው የአድራሻዎች ማውጫ ነው፤ የድምፅ ፋይሉም ፊዱም የሚኖሩት አሳታሚው በመረጠው ቦታ ነው። ዛሬ በስልኩ ፖድካስት የሚያዳምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አርኤስኤስ የሚባል ነገር እንዳለ አያውቅም፤ የሚያደርስለት ግን እርሱ ነው። አሳታሚው ከአንድ ማውጫ ቢጣላ ሌሎቹ እዚያው አድራሻ ላይ ይቀጥላሉ።

አማርኛ በፊድ ውስጥ

አማርኛ ድረ ገጾችን በተመለከተ ፊድ የማያልፋቸው ስንክሎች አሉት፤ እነዚህ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ አይገኙም። ፊድ ከቅርጸ ቁምፊ የተራቆተ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባና ኮምፒውተሮች እስኪለምዱት ድረስ አማርኛ ድረ ገጾች የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያለብሱ ቅርጸ ቁምፊዎች ይጻፉ ነበር። በገጹ ላይ ቅርጸ ቁምፊው ስላለ አማርኛው ይነበባል፤ ያው ጽሑፍ በፊድ ሲወጣ ግን ልብሱን ገፎ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ ድረ ገጾች ወደ ዩኒኮድ ሳይሻገሩ በፊድ መሰራጨት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ዛሬም ማስታወቂያቸውን በፎቶ መልክ የሚለጥፉ ተቋማት ፊዳቸው ባዶ ርእስ ብቻ ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛው ችግር ስውር ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው። ማጠቃለያ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ፊደል ሳይሆን ባይት እየቆጠረ ጽሑፉን በ200ኛው ባይት ላይ ቢቆርጥ፣ ያለ ክፍተት የተጻፈ አማርኛ 66 ሆሄ ከሙሉ በኋላ ሁለት ባይት ይተርፈዋል፤ የመጨረሻው ሆሄ ተቆርጧል ማለት ነው። ኤክስኤምኤል ደግሞ ይቅር ባይ አይደለም። ደንቡን በጥብቅ የሚከተል ማንበቢያ በአንዱ ማጠቃለያ ጫፍ ላይ ባለ ስብራት ምክንያት ፊዱን በሙሉ አልቀበልም ይላል። ስብራቱ የሚታየው ጽሑፉ በአጋጣሚ በተሳሳተ ቦታ ሲቆረጥ ብቻ በመሆኑ ፊዱ አንድ ሳምንት ሠርቶ በሚቀጥለው ይጠፋል፤ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው የቀን ጉዳይ ነው። አርኤስኤስ 2.0 ቀን እንዲጻፍ የሚፈልገው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር፣ ከሰዓት ክልል ጋር ነው፤ ለኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 የሚቀድመው ይገባል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣ ጽሑፍ በፊዱ ውስጥ መስከረም 12 ቀን 2023 ተብሎ መግባት ሲገባው፣ አዘጋጁ ለገጹ የተጠቀመበት የኢትዮጵያ ቀን በቀጥታ ቢገባ ማንበቢያው የሰባት ዓመት አሮጌ ጽሑፍ አድርጎ ከዝርዝሩ ግርጌ ይጥለዋል። ጽሑፉ ወጥቷል፣ ደርሷል፣ ግን ማንም አያየውም። በጠዋቱ 3 ሰዓት የወጣ ዜናም በአገር ቤት አቆጣጠር 3 ሰዓት ተብሎ ከተመዘገበ ስድስት ሰዓት ያረጀ ሆኖ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ባለችው ዋሽንግተን የሚኖር አንባቢ ሌሊቱን የወጣውን ጽሑፍ ጠዋት ተሰልፎ የሚያገኘው ሰዓቱ በትክክል ሲጻፍ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሰው የሚታየው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ለማሽን የሚሰጠው በጎርጎርዮሳዊው፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ተሰልተው ይጻፉ።

የሞክሼ ሆሄያት ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። ብዙ ማንበቢያዎች በቁልፍ ቃል ማጣራት ያስችላሉ። «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የሚያጣራ ተመራማሪ «ስነ ጽሁፍ» በሚል ርእስ የወጣውን አያገኝም። አሳታሚው በርእሶቹና በምድቦቹ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ቢከተል ብዙ አንባቢ ያተርፋል።

ለምርምር ተቋማት

በምርምር ዓለም ፊድ ጸጥ ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። የመጽሔቶችን ማውጫ በፊድ የሚሰበስበው ጆርናልቶክስ የተባለው አገልግሎት ከ2009 ጀምሮ በስኮትላንድ በሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ ተዘርግቷል። አርካይቭ የየዕለቱን አዳዲስ ጽሑፎች በየዘርፉ በፊድ ያወጣል። መጽሔቶች የሚታተሙበት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስና ተቋማት ጥናቶቻቸውን የሚያከማቹበት ዲስፔስ ፊድ የማውጣት ችሎታ አላቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶች ክምችት የቆመው በዚሁ ዲስፔስ ላይ ነው። በዲስፔስ ለየስብስቡ የተለየ ፊድ ማውጣት ስለሚቻል፣ የአንድ ትምህርት ክፍል ጥናቶችን ብቻ መከታተል የሚፈልግ ሰው የሌላውን ጎርፍ መሸከም አይኖርበትም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው፤ ፊድ አንብቡ ብሎ እርሱን መጥራት ፍሬ የለውም። ፊዱን ከሥር አድርጎ ወደ ቴሌግራም ቻናል በራሱ እንዲለጥፍ ማድረግ ግን ይቻላል፤ ለዚህ የሚያገለግሉ ቦቶች በቀላሉ ይገኛሉ። በዚህ አደረጃጀት ቻናሉ ነገ ቢዘጋ ወይም አንባቢው ወደ ሌላ መድረክ ቢሰደድ፣ ያው ፊድ ወደ አዲሱ ይዞራል። ጽሑፉን በእጅ ወደ ቻናሉ ብቻ የሚለጥፍ ተቋም ግን ከጊዜ በኋላ የጽሑፎቹ ሙሉ ዝርዝር የሚገኘው በሌላ ሰው ቤት ይሆናል።

አድራሻን መጠበቅ በተለይ የሚፈተነው ድረ ገጹ ሲታደስ ነው። ተቋማት በየጥቂት ዓመቱ ገጻቸውን በአዲስ ፕሮግራም ያሠራሉ፤ አሠሪውም ተቋራጩም የፊዱን ነገር አያነሡትም፣ በዓይን አይታይምና። የፊዱ አድራሻ ሲለወጥ አሮጌውን የሚጠይቁ ማንበቢያዎች «አልተገኘም» የሚል ምላሽ እያገኙ ቆይተው መጠየቃቸውን ያቆማሉ። ሰርቨሩ በአሮጌው አድራሻ ላይ «ለዘለቄታው ተዛውሯል» የሚለውን ምላሽ ከአዲሱ አድራሻ ጋር እንዲሰጥ ማድረግ ግን የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ደንቡን የሚከተል ማንበቢያም አንባቢው ሳያውቅ መዝገቡን ያስተካክላል። የጽሑፎቹ ቋሚ መለያዎችም እንዳሉ መሸጋገር አለባቸው። መለያው የተሠራው ከገጹ አድራሻ ከሆነና አድራሻው ከተለወጠ፣ ማንበቢያው በፊዱ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ጥናቶች ሁሉ ዛሬ የወጡ አድርጎ በአንድ ጠዋት በተመዝጋቢው ላይ ያፈስሳል፤ ተመዝጋቢውም በዚያው ጠዋት ፊዱን ይሰርዛል።